«እግሬን ሳይሆን ሳንባዬን ነው ያመመኝ»

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ «ኮሪደሩ ላይ ለስድስት ደቂቃ ተራመድ» ይባላል። ለምን? እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ። ከዚያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት ኮሪደር ዳር ቆሜ፣ ሰዓት ይዤ፣ ሰው ሲራመድ እያየሁ ነው። ስለዚህ በደንብ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 63 ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ቲቢ ሁለት ጊዜ ይዞኝ ሁለቱንም ጊዜ መድኃኒቴን ጨርሻለሁ። አክታዬ ተመርምሮ ነጻ ነህ ተብያለሁ። ነገር ግን ትንፋሽ ያጥረኛል። ዳገት ስወጣ ሦስት አራት ቦታ እቆማለሁ። ልጆቼ አዲስ አበባ ወስደው አሳከሙኝ። ራጅ ተነሣሁ፤ ቱቦ ውስጥ ንፋ ተብዬ ነፋሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለስድስት ደቂቃ ተመላለስ ብሎ አዘዘልኝ። 400 ኪሎ ሜትር የመጣሁት ለመራመድ ነው? እግሬን ሳይሆን ሳንባዬን ነው ያመመኝ። ተናድጄ ሳልሠራው ተመለስኩ። አጠፋሁ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ንዴትዎ ገብቶኛል። ከደሴ ድረስ ተጉዞ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ «ተራመድ» መባል ያበሳጫል። ያም ሆኖ ተመልሰው እንዲሠሩት እለምንዎታለሁ። ያ ሐኪም ሕመምዎን በትክክል ነው የሰማዎት።

ቱቦ ውስጥ የነፉት ምርመራ ስፓይሮሜትሪ ይባላል። ሳንባዎ በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል አየር እንደሚያስወጣና በምን ፍጥነት እንደሚያስወጣው ይለካል። ራጁ ደግሞ ቲቢው ትቶት የሄደውን ጠባሳ ያሳያል። ሁለቱም የሚሠሩት እርስዎ አርፈው ባሉበት ሰዓት ነው። እርስዎ ደግሞ ሲያርፉ ደህና ነዎት። የሚቸገሩት ዳገቱ ላይ ነው። ታዲያ ዳገት ላይ የሚሆነውን፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ እንዴት እንየው?

ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያርፍ በደቂቃ ከስድስት እስከ ስምንት ሊትር አየር ይበቃዋል። ጠንክሮ ሲሮጥ ከ100 ሊትር በላይ ያንቀሳቅሳል። ሳንባ ይህን ያህል ትርፍ አቅም አለው። ስለዚህ ብዙ ቦታው ቢጎዳም እንኳ የተቀመጠ ሰው ላይታወቀው ይችላል። ጉድለቱ የሚወጣው ብድግ ብሎ መሄድ ሲጀምር ነው።

ለሕመምተኞቼ የምነግራቸውን ምሳሌ ለእርስዎም ልንገርዎት። ደምን እንደ ሚኒባስ ታክሲ ያስቡት፤ ኦክስጅኑ ተሳፋሪ ነው። ታክሲው ሳንባ ውስጥ ፌርማታ ላይ የሚቆየው ለሦስት ሩብ ሰከንድ ያህል ነው። ለጤነኛ ሳንባ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ተሳፋሪው በሩብ ሰከንድ ገብቶ ያልቃል። ጠባሳ ያለበት ሳንባ ግን በሩ አልከፈት እንዳለ ታክሲ ነው። ተሳፋሪው አንድ በአንድ እየተጋፋ ይገባል። አርፈው ሲቀመጡ ጊዜ ስላለ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን ይሞላል። ሲራመዱ ልብ ይፈጥናል፤ ታክሲውም አይጠብቅም። ወንበሩ ሳይሞላ ይነሣል። ስለዚህ ጣትዎ ላይ የምንሰካው፣ የደምዎን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካው መሣሪያ ቁጭ ሲሉ 94 ብሎ፣ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ 85 ሊል ይችላል። ይህን ራጅ አይነግረንም።

«እግሬን አላመመኝም» ያሉት ላይ ግን ባልስማማ ቅር አይበልዎት። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ዳገት ይተዋል። ቀጥሎ ገበያ ይተዋል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በባጃጅ መሄድ ይጀምራል። ልጆቹ «አንተ ተቀመጥ፣ እኛ እናመጣልሃለን» ይሉታል። በፍቅር ነው የሚሉት። በዚህ መሀል የጭኑ ጡንቻ እየሳሳ ይሄዳል። የሳሳ ጡንቻ ቶሎ ይደክማል፤ ለትንሽ ሥራም ብዙ አየር ይፈልጋል። ትንፋሹም ይብስበታል። እኔ ኮሪደር ላይ ካየኋቸው የሳንባ ሕመምተኞች ብዙዎቹ የቆሙት «እግሬ አልሄድ አለኝ» ብለው ነው። የሳንባው ጠባሳ አይጠፋም። የእግር ጡንቻ ግን ይመለሳል። ለእርስዎ ትልቁ ተስፋ ያለው እዚያ ነው።

ምርመራው ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ኬኔት ኩፐር የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የሰዎችን ብቃት በ12 ደቂቃ ሩጫ ይለካ ነበር። በ1976 እንግሊዝ አገር ያሉ ሐኪሞች ሩጫውን ወደ እርምጃ ለውጠው፣ ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞከሩት። 12 ደቂቃ ለታመመ ሰው አድካሚ ሆነ። በ1982 ስድስት ደቂቃም እንደሚበቃ ታየ። እስከ ዛሬ የምንሠራው እሱን ነው።

ዕለቱ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት። ደልዳላ፣ ቀጥ ያለ፣ 30 ሜትር የሚሆን ኮሪደር እንመርጣለን። በሁለቱ ጫፍ ኮን ይቀመጣል። እርስዎ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ወንበር ላይ ያርፋሉ። ግፊትዎን፣ የልብ ምትዎንና ኦክስጅንዎን እንለካለን። «ትንፋሽዎ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል አስቸግሮዎታል?» ብለን እንጠይቃለን። ከዚያ በራስዎ ፍጥነት ይሄዳሉ። መሮጥ የለም። ሲደክምዎት ግድግዳ ተደግፈው ማረፍ ይችላሉ፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ሲሻልዎት ይቀጥላሉ። ስድስት ደቂቃ ሲሞላ «ይቁሙ» እንላለን። የሄዱትን ሜትር እንቆጥራለን፤ ኦክስጅኑንና ትንፋሹን እንደገና እንጠይቃለን። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ግማሽ ሰዓት አርፎ ሁለተኛ ጊዜ ቢሠራው ይመረጣል። ሰው ከመንገዱ ጋር ሲተዋወቅ የተሻለ ይሄዳልና፣ የሚያዘው ትልቁ ቁጥር ነው።

«ከ0 እስከ 10» ያልኩት ነገር አገራችን ላይ ያስቸግራል። «ትንፋሽዎ እንዴት ነው?» ስል የማገኘው መልስ «ተመስገን» ነው። ላብ በላብ ሆነው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይሉኛል። ምስጋናው መልካም ነው። ሐኪሙ የሚያየው ግን ቁጥሩን ነው። ሰባት ከሆነ ሰባት ይበሉ። እዚያ ኮሪደር ላይ ጀግንነት አያስፈልግም። ጠንካራ ለመምሰል ሕመሙን የደበቀ ሰው ሕክምናውንም አብሮ ይደብቃል።

ሌላው «አይዞህ» ነው። ልጆችዎ አብረው ይመጣሉ፤ ከኮሪደሩ ዳር ሆነው «አይዞህ አባዬ፣ በርታ!» ሊሉ ይፈልጋሉ። እኔ ዝም በሉ እላቸዋለሁ። ይከፋቸዋል። ታማሚን አይዞህ ማለት እንዴት ይከለከላል? ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ ጥናት ማበረታታት ብቻውን ርቀቱን ወደ 30 ሜትር ገደማ ጨምሮት ተገኝቷል። ለአንድ ሕመምተኛ መድኃኒቱ ወይም ስፖርቱ ለውጥ አመጣ የምንለውም ልዩነቱ 30 ሜትር ገደማ ሲሆን ነው። እንግዲህ ዛሬ ያለ «አይዞህ» ሄደው፣ ከሦስት ወር በኋላ በ«አይዞህ» ቢሄዱ፣ ያሻለዎት መድኃኒቱ ይሁን የልጆችዎ ድምፅ ማን ያውቃል? ስለዚህ እኛም በየደቂቃው የምንለው የተወሰነ ቃል ነው። «ጥሩ እየሄዱ ነው። አምስት ደቂቃ ይቀርዎታል።» በቃ። ድምፃችንን እንኳ አንቀይርም። አጠገብዎ ሆነንም አንሄድም፤ ሳናስበው በእኛ እርምጃ እንመራዎታለንና።

ሲመጡ የለመዱትን ምቹ ጫማ ያድርጉ። አንዲት እናት ኮሪደሩ ተወልውሎ ሲያበራ አይተው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። በባዶ እግራቸው ሊሄዱ ነበር። መልሰን አስደረግናቸው። መድኃኒትዎን፣ ኢንሄለርም (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ከሆነ፣ እንደወትሮው ይውሰዱ። ቀለል ያለ ምግብ ይብሉ። ጾም ላይ ከሆኑ ምንም ሳይቀምሱ መምጣትዎን አስቀድመው ይንገሩን፤ ቀኑን ወይም ሰዓቱን እናዛውራለን። በከዘራ የሚሄዱ ከሆነ ከዘራውን ይዘው ይሂዱ። ሁልጊዜም በዚያው ከዘራ ይሠራል።

ምርመራው የማይሠራበት ጊዜም አለ። ባለፈው አንድ ወር ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የደረሰበት ወይም በዕረፍት ላይ እያለ ደረቱን የሚወጋው ሰው አይሠራም። አርፎም የልብ ምቱ ከ120 በላይ የሆነ፣ ወይም ግፊቱ ከ180 በ100 የበለጠ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይየው። እንደገና ሳል፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከጀመረዎት ደግሞ ከኮሪደሩ በፊት አክታዎ ይመርመር። መሀል ላይ ደረት ከወጋ፣ ራስ ካዞረ፣ እግር ከተወላገደ፣ ወይም ኦክስጅኑ ከ80 በታች ከወረደ እኛው እናስቆማለን።

ከዚያ በኋላ ምን ይገኛል? በኡጋንዳ፣ ካምፓላ፣ ልክ እንደ እርስዎ ከቲቢ ድነው ትንፋሽ የቀረባቸው ሰዎች ለስድስት ሳምንት በባለሙያ እየተመሩ የአካል እንቅስቃሴ ሠሩ። የመራመድ አቅማቸው ተሻሻለ። ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የሠሩት በውድ መሣሪያ አልነበረም። ግን ከመጀመራቸው በፊት ተለክተዋል። ከየት እንደተነሡ የታወቀው በዚያ ነው። እርስዎም ይለኩ፣ ጋሼ።

ጥያቄ፦ የምጽፍልሽ ከአዲስ አበባ፣ ከኮልፌ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። በእንጨትና በኩበት እንጀራ እየጋገረች ሸጣ ነው ያሳደገችን፤ 30 ዓመት ጭስ ውስጥ ነው የኖረችው። ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም) አለባት ተባልን። የእግር ጉዞው ምርመራ ተሠራላት። ወረቀቱ ላይ 312 ሜትር፣ ሁለት ጊዜ ቆማለች፣ ሳቹሬሽን (የደም ኦክስጅን) ከ93 ወደ 84፣ ትንፋሽ 7 ይላል። እናቴ «ወደቅኩ» ብላ አለቀሰች። ጎረቤት ሁሉ የኦክስጅን ማሽን ግዙላት እያለን ነው። ዋጋው ከአቅማችን በላይ ነው፤ ተበድረን ልንገዛ ነው። ምን ትይናለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለእናትሽ ይህን አንብቢላቸው። እማማ፣ አልወደቁም። በዚህ ምርመራ የሚወድቅ የለም። ሁለት ጊዜ ቆመው፣ ሁለቱንም ጊዜ እንደገና ተነሥተው ሄደዋል። ማረፉ የተፈቀደ ነው። የሄዱት እያንዳንዱ ሜትር ተቆጥሯል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 80 በሆነ ጤነኛ አሜሪካውያን ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ከሴቶቹ መሀል ላይ ያለችው 494 ሜትር፣ ከወንዶቹ መሀል ላይ ያለው 576 ሜትር ሄደዋል። ርቀቱ በቁመት፣ በዕድሜና በክብደት ይለያያል። አጭር እናት ከረጅም ወጣት ጋር አይወዳደሩም። በሲኦፒዲ ሐኪሞች ልብ የሚሉት መስመር 350 ሜትር ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ቦዴ የሚባል ነጥብ አለ። አራት ነገር ይደምራል፦ የሰውነት ክብደትን፣ የአየር ቧንቧ መጥበብን፣ የትንፋሽ ማጠርንና ይህን የእግር ጉዞ። በእሱ አቆጣጠር 350 እና ከዚያ በላይ ዜሮ ነጥብ ነው። ከ250 እስከ 349 አንድ ነጥብ ነው። ከ150 በታች ሦስት ነጥብ ነው፤ ከባዱ እሱ ነው። የእናትሽ 312 አንድ ነጥብ ነው። ሊታይ የሚገባው ነው፤ ግን የሚያስለቅስ ቁጥር አይደለም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ 84ቱ ነው። 93ቱ ብቻውን ቢሆን ብዙም ባልደነገጥኩ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ጤነኛ ሰውም ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጥቂት ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ከ93 ወደ 84 ግን ዘጠኝ ነጥብ ነው። አራት ነጥብ እንኳ ከወረደ ልብ ይባላል።

ሐኪሙ ጋ ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ነገር አስቢ። የዚያን ቀን እናትሽ ጣታቸው ላይ እንሶስላ ወይም ሂና ነበረባቸው? ጥፍር ቀለምስ? ጣታቸው ቀዝቅዞ ነበር? እነዚህ ሁሉ መሣሪያውን ያሳስቱታል። ለበዓል እንሶስላ ሞቀው የመጡ እናት መሣሪያው አላነብ ብሎን፣ በጆሯቸው የሚለካውን ፈልገን ነው የሠራነው። የቆዳ ቀለምም ነገር አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ እንደሚያነብ አሳይቷል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ስናይ «መሣሪያው ነው» ብለን ቶሎ አናልፍም።

እውነት 84 ከሆነ ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋቸዋል ወይ? የሳንባ ደም ሥሮች ግፊት ከፍ ብሎ እንደሆነ ያሳያል። ሁለተኛ፣ አርፈው ሳለ ከደም ቅዳ ቧንቧ (ከአርተሪ) በተቀዳ ደም ኦክስጅናቸው ስንት ነው?

ለብድር ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ስሙኝ። ቤት ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚወሰድ ኦክስጅን ዕድሜ እንደሚያራዝም የታየው፣ አርፈው ተቀምጠውም ኦክስጅናቸው በጣም ዝቅ ባለ ሰዎች ላይ ነው። አርፈው መጠነኛ፣ ወይም ሲራመዱ ብቻ የሚወርድባቸውስ? በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት 738 እንዲህ ያሉ የሲኦፒዲ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። ኦክስጅን የወሰዱት ካልወሰዱት የበለጠ ዕድሜ አላገኙም። ሆስፒታል መተኛትም አልቀነሰላቸውም። በእርምጃም የተለየ ጥቅም አልታየም። ሐኪማቸው የእናትሽን ሁኔታ አይቶ ሌላ ሊወስን ይችላል። ጎረቤት ስላለ ብቻ ግን አትበደሩ።

ወደፊትም ኦክስጅን ከታዘዘላቸው፣ እሳት ባለበት አይቀመጥም። ምድጃ፣ ሻማ፣ ጧፍ፣ የቡና ከሰልና ዕጣን፣ ሁሉም። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ትንሽ ፍም ቤት ያቃጥላል። ደግሜ ደጋግሜ የምናገረው ነው።

ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ከጭሱ አውጧቸው። መብራት ባለበት ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ። መብራት በሌለበት ቀን ሌላ ሰው ይጋግር፤ እሳቸው ራቅ ይበሉ። ኢንሄለሩን በትክክል መሳባቸውን ባለሙያ ፊት አሳዩ። ብዙ ሰው አፉ ውስጥ ረጭቶ ይውጠዋል እንጂ አይስበውም።

ከዚያ እርምጃ። በሲኦፒዲ የገባው አየር ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ሌላ አየር ይደረብበታል። ደረት ይነፋል፤ ለአዲስ አየር ቦታ ይጠፋል። ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ ይብሳል። ስለዚህ በአፍንጫ አስገብተው፣ ከንፈራቸውን ሾል አድርገው፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ቀስ ብለው ያውጡ። ለማውጣት የሚወስዱት ጊዜ ለማስገባት ከሚወስዱት እጥፍ ይሁን። ሐኪሙ ከፈቀደ ደልዳላ ቦታ ላይ ሦስት ደቂቃ ሄደው፣ አርፈው፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። በሳምንት አራት አምስት ቀን። ትንፋሻቸው 3 ወይም 4 ላይ ሆኖ ማውራት የሚችሉ ከሆነ ልክ ነው። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ በዚያው ኮሪደር ይለኩ። 312ቱ 345 ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ያኔ ምን እንዳሉ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ዙሪያ ባለ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። 30 ሜትር ኮሪደር የለንም። ያለን 12 ሜትር ነው። እዚያው ላይ ብናመላልሳቸውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚያ ላይ ልትሠራ ትችላለህ፤ ግን ርቀቱ ያንሳል። መዞር ጊዜ ይበላል። ሰውየው በ12 ሜትር የሄደውን በ30 ሜትር ከሄደው ጋር ማወዳደር አይቻልም። እኔም ሥራ ስጀምር ኮሪደራችን አጭር ነበር። በግንበኛ ሜትር ግቢውን ለክተን፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ደልዳላ 30 ሜትር አገኘን። ኮን ስላልነበረን ሁለት ሃይላንድ ውሃ ሞልተን አቆምን። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ እንሠራ ነበር። ጥሩ ነበር። የትኛውንም ብትመርጥ የመንገዱን ርዝመት ካርዱ ላይ ጻፍ፤ ሁልጊዜም በዚያው ሥራ።

ቦታ ጨርሶ ከሌለ የአንድ ደቂቃ ተነሥ-ተቀመጥ አለ። ቁመቱ ወደ 46 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ የእጅ መደገፊያ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስደግፍ። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በአንድ ደቂቃ የቻለውን ያህል ሙሉ በሙሉ ይነሣ፣ ይቀመጥ። ቁጠር። ኦክስጅኑን ከጨረሰ በኋላም ጥቂት ተከታተል፤ ዝቅተኛው ቁጥር ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ጉልበት ለሚያመው ሰው አይሆንም። ደረጃ ላይ ግን አትሞክሩ፤ ይወድቃሉ።

በድምፅ ምልክት የሚሠራው፣ በ10 ሜትር መንገድ እየተመላለሱ ፍጥነት የሚጨምሩበት የሻትል ምርመራም አለ። እንግሊዞች በ1992 እ.ኤ.አ. ነው ያወጡት። አጭር ቦታ ይበቃዋል። ግን የድምፁ ቅጂ ሊኖርህ ይገባል፤ ሰውየውንም እስከ አቅሙ ጥግ ስለሚያደርሰው ሐኪም አጠገብ ባለበት ይሁን።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ 70 ዓመታቸው ነው፤ ሳንባቸው እየጠጠረ ነው ተብለዋል። እዚህ በስድስት ደቂቃ 410 ሜትር ሄዱ፤ ኦክስጅናቸው ከ95 ወደ 88 ወረደ። ሐኪሙ «መጥፎ አይደለም» አለን። ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። ያ ውጤት እዚያም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ ወንድሜ፣ በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። አባትህ የተለኩት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ ግፊቱ ግን ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ከባሕር ጠለሉ ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ነው።

ሰው የማያስተውለው ነገር ይህ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ሊሳሳ ይችላል። ወደ ለንደን ወይም ዱባይ የሚበር ታማሚ ሲያርፍ እፎይ ይላል። አዲስ አበባ የሚያርፍ ግን በሩ ሲከፈት አየሩ ብዙም አይለወጥለትም። አባትህ ከ12 ሰዓት በላይ በረራ ላይ የቻሉትን፣ ወርደው ለሳምንታት መቻል አለባቸው። በዚያ ላይ ሻንጣ አለ፤ ሰላምታ አለ፤ ጭፈራ አለ።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥህ በፊት የሳንባ ሐኪማቸውን ይህን ጠይቀው። 15 በመቶ ኦክስጅን ያለው አየር እያስተነፈሱ የሚሠራ ምርመራ አለ። ለአየር ጉዞ ነው የተዘጋጀው። የቦሌም ከፍታ ለዚያ ስለሚቀርብ፣ ለአንተ በአንድ ምርመራ ሁለት መልስ ይሰጥሃል። አርፈው ተቀምጠው ብቻ ሳይሆን፣ ያን አየር እየተነፈሱ ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ ምን እንደሚሆኑም ጠይቅ። ተንቀሳቃሽ የኦክስጅን ማሽን ከታዘዘላቸው አየር መንገዱ አስቀድሞ ማወቅና መፍቀድ አለበት። ትርፍ ባትሪ ያዝ። አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ የምትጠቀምበትንም ከአሁኑ አስብ።

ሲደርሱ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያርፉ። ጣት ላይ የሚሰካውን መሣሪያ ይዘህ ና። ቁጭ ብለው ብቻ ሳይሆን ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ሄደውም ለካቸው፤ ቁጥሩን ከእነ ሰዓቱ ጻፍ። ማረፊያቸው ምድር ቤት ይሁን፤ ሠርጉ አዳራሽ ደረጃ ካለው ወንበራቸውን ከታች አዘጋጁ። ሙሽራዋን ቆመው ለመመረቅ ይፈልጉ ይሆናል፤ ተቀምጠው ይመርቁ። ዘመድ «እንጦጦ ወጥተን አየር እንቀበል» ማለቱ አይቀርም። እንጦጦ ከቦሌም ብዙ መቶ ሜትር ከፍ ይላል። እሱ ይቆይላቸው።